የ«ባለ ግንዱ» ዕቅድ፦ እስከ ቅዳሜ እንቋጨው

ጸሐፊ፦
ሰላም አባላት። እሑድ ስናወራ ያመሸነውን ነገር በጽሑፍ እናሲዘው። ከድሮ ፊልም አንድ ቫምፓየር፣ ደም መጣጭ ሙት፣ ወስደን ለጠረጴዛ ጨዋታችን፣ ዳይስ እየጣልን ታሪክ ለምንተርክበት ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ክፉ ገጸ ባሕርይ እናደርገዋለን። ታሪኩ እዚሁ ባሕር ዳር ይሆናል። ሦስት ምሽት እንጫወተዋለን። አዳራሽ ለመጠየቅ የምናስገባው ማመልከቻ ከሁለት ገጽ አይበልጥ። ረጅም ነገር እንደማይነበብ አምና አይተነዋል።

የመረጥነው «ኖስፌራቱ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመን ውስጥ የተሠራው ድምፅ አልባ ፊልም። ዳይሬክተሩ ሙርናው ነው፣ ኦርሎክ የሚባለውን ቫምፓየር የተጫወተው ደግሞ ማክስ ሽሬክ። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ከተራራ አገር ያለ ባላባት ሩቅ ከተማ ውስጥ ቤት ይገዛል። አፈር የሞላ ሣጥን አስጭኖ በመርከብ ይመጣል። መርከቧ ወደቡ ስትደርስ በላይዋ ነፍስ ያለው መርከበኛ የለም። አይጥ ግን ሞልቷል።

በሉ ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦
የሰው ፊልም ወስደን ነገ ክስ ቢመጣስ? ካዝናው ውስጥ ያለውን እኔ ነኝ የማውቀው። ለፎቶ ኮፒም አይበቃ።

ጸሐፊ፦
የሚያስቀው፣ ፊልሙ ራሱ በክስ ነው ያደገው። የብራም ስቶከርን የ1897 ልብ ወለድ «ድራኩላ»ን ሳያስፈቅዱ ወሰዱና ስም ቀየሩ። ድራኩላን «ኦርሎክ» አሉት፣ አለቀ። የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ለቀቅ አላደረገቻቸውም። እ.ኤ.አ. በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ። የተረፉት ተርፈው እኛ ጋ ደረሱ።

አሁን ግን ፊልሙ መቶ ዓመት አልፎታል። በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ጥበቃው በመሠረቱ አመንጪው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ሙርናው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ሰላም እንተኛ። የማንነካው የ2024ቱን ኖስፌራቱ ነው፣ ባለ ሪዙን። እሱ ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ለዚሁ ጨዋታ በወጣ ታሪክ የታየውን ስትራድ የሚባል ቫምፓየርም እንዲሁ።

ጨዋታ መሪ፦
በጨዋታ ሕጉም በኩል ችግር የለም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ የሕግ ሰነድ በጃንዋሪ 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን ጠቅሶ መጠቀም ነው። ቫምፓየርም አለበት። መከላከያው 16፣ የሕይወት ነጥቡ 144። በየተራው 20 ነጥብ እያገገመ ይነሣል። የፈተና ደረጃው 13 ነው።

የእኛ ተጫዋቾች ደረጃ ሦስት ናቸው። እንዳለ ካስገባነው 1 ሰዓት ላይ ጀምረን 1፡20 ላይ ባጃጅ ፍለጋ እንወጣለን።

ነጥቡን መቀነስ ይቻላል። ግን ቁጥር ቀንሶ ማቅረብ መፍትሔ አይመስለኝም። ፊልሙን ደግማችሁ እዩት። ኦርሎክ አይሮጥም። ሰይፍ አይመዝም። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያ ብቻ ነው። የሚሸነፈውም በውጊያ አይደለም። አንዲት ሴት ዶሮ እስኪጮህ አቆየችው፣ ፀሐይ ወጣች፣ ጠፋ። በነገራችን ላይ ቫምፓየር በፀሐይ ይሞታል የሚለው ከዚህ ፊልም የመጣ ነው። በስቶከር መጽሐፍ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፣ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ በጉልበት አይነካ። ማሸነፊያው ማቆየት ብቻ ይሁን። እንዴት እንደሚቆይ እናንተ አምጡ።

ጡረተኛው አባል፦
ልጆች፣ እኔ ዳይሱን ገና እየለመድኩ ነው። ስለ ሰውየው ግን አንድ ነገር ልበል። የትም ሲሄድ ሣጥኑን ይዞ ነው አላችሁ። ታዲያ ይኼማ አባይ ነው! «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።» ስሙን «ባለ ግንዱ» በሉት። ፈረንጆቹ ድራኩላን ኦርሎክ ካሉት እኛ ምን ገዶን።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ስሙ ጸደቀ። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር።

አዲሷ አባል፦
አልቃወምም፣ ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ሕጉ ላይ ቫምፓየር ካልተጋበዘ ሰው ቤት መግባት አይችልም ይላል። እዚህ እኮ ያልተጋበዘ ሰው የለም። ምሳ እየበላን በበር ያለፈውን ሁሉ «እንብላ» እንላለን። አክስቴማ ቆጣሪ አንባቢውን ሳይቀር «ግባ እንጂ ልጄ» ነው የምትለው። በመጀመሪያው ምሽት ከተማው አለቀ።

ጨዋታ መሪ፦
ሳቅሁ። ግን ትክክል ነሽ። «እንብላ» ግብዣ ነው አይደለም የሚለውን መወሰን አለብን።

ገንዘብ ያዥ፦
አይደለም። «እንብላ» ሲሉህ «ብሉ፣ ይባረክ» ብለህ ማለፍ ነው ወጉ። ሰተት ብሎ የሚገባ ሰው ቫምፓየር ባይሆንም ያስፈራል።

ጡረተኛው አባል፦
እኔ ልንገራችሁ። ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ይላል። እንግዲህ ይኼ ባለ ግንዱ ይኼን ወግ ሰምቷል። ተምሮታል። ግን አንዷን ቃል አፉ አይደፍራትም። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ያቆማል። አስተውሎ የሰማ «የማን እንግዳ?» ብሎ ይጠይቀው። ያላስተዋለ ቤቱን ከፍቶ ያስገባው።

አዲሷ አባል፦
ጋሼ!! ብርድ ብርድ አለኝ።

ጨዋታ መሪ፦
ይኼ ይግባ። የማስተዋል ዳይስ እንኳ አላስጥልም። ዓረፍተ ነገሩን እኔ እናገራለሁ፣ የሰማ ይሰማል።

አንድ ለውጥ ግን ልጨምር። ሰነዱ ላይ ሌሊት ከሆነ የሌሊት ወፍና አይጥ ይጠራል፣ ደጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ተኩላ። ተኩላውን በጅብ ብንተካው? ከዚያም አልፈን ሰውየው ራሱ ቡዳ ነው ብንል ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጅቡ ይሁን። ቡዳው አይሆንም። እኔ ከዚህ ማኅበር የምወጣው በዚህ ነው።

የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ገበያ ላይ ጀበናዋን እየገዙ ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍኑባት ነበር። ቡዳ የሚባለው ሸክላ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ነው። እውነተኛ ሰው ነው። ኦርሎክ ግን ቤት የሚገዛ ባላባት ነው፣ እጁ ሥራ ነክቶ አያውቅም። የባላባቱን ክፋት ወስዳችሁ ለሸክላ ሠሪዋ አታሸክሟት።

ጨዋታ መሪ፦
ይቅርታ እህቴ። አላሰብኩበትም። ከዕቅዱ ወጥቷል።

ጸሐፊ፦
እንዲያውም ማመልከቻው ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፦ ባለ ግንዱ ባዕድ ነው፣ በአገራችን ካለ ከማንም ወገን ጋር አይያያዝም። ገዳማቱንም የታሪኩ ቦታ አናደርግም። ጣና ላይ 37 ደሴት አለ ይባላል፣ ገዳም የሌለበትን መምረጥ አያቅተንም።

አዲሷ አባል፦
የውኃውስ ነገር? ወራጅ ውኃ ይጎዳዋል ይላል። ጣና ይቆጠራል?

ጨዋታ መሪ፦
ሕጉ ተራውን ወራጅ ውኃ ውስጥ ከጨረሰ 20 ነጥብ ይጎዳል ነው የሚለው። ጣና ሐይቅ ነው፣ ወራጅ አይደለም። ስለዚህ ከጎርጎራ በጀልባ ሣጥኑን ጭኖ መምጣት ይችላል። ፊልሙ ላይ ያለችው መርከብ ማለት ነው።

ጡረተኛው አባል፦
ቆይ እንጂ። ግልገል አባይ በደቡብ ገብቶ ሐይቁን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል፣ እዚህ ባሕር ዳር ላይ ይወጣል ሲባል አልሰማህም? ሳይንሱን ተወው። አባቶቻችን የሚሉትን ነው የምልህ።

ጨዋታ መሪ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ ሥራዬን ሊነጥቁኝ ነው። በቃ፣ ሐይቁ ውስጥ የማይታይ አንድ የወንዝ መስመር አለ። የት እንዳለ የሚያውቁት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ዓሣ አጥማጆች ብቻ ናቸው። ተጫዋቾቹ ሁለተኛውን ምሽት ያንን ሲጠይቁ ያሳልፋሉ። መስመሩን ካገኙ ማምለጫውን ይዘጉበታል። ካላገኙ ሦስተኛው ምሽት ይከብዳቸዋል።

አሁን የቀረን ሦስተኛው ምሽት ነው። ዶሮ እስኪጮህ በምን ይያዝ? ቡና አፍልተው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ቢያቆዩትስ?

ገንዘብ ያዥ፦
ቡና እያንዳንዱ ነገር ውስጥ ካልገባ አንጻፍም ማለት ነው? ደግሞስ ሰውየው ደም እንጂ ቡና አይጠጣ።

አዲሷ አባል፦
እንቆቅልሽ ቢሆንስ? ሰውየው ቤት ሊገዛ ነው የመጣው፣ አገር ይወዳል። እንቆቅልሽ ላይ ደግሞ ያልመለሰ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እምቢ አይልም፣ ይጎመጃል።

ጨዋታ መሪ፦
ቆይ ቆይ። ቀጥዪ።

አዲሷ አባል፦
እሱ ይጠይቃል፣ እነሱ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ይገለበጣል። ተጫዋቾቹ ካልመለሱ አገር መስጠት አለባቸው። የሰጡት አገር ደግሞ ግብዣ ነው! «ዘጌን ሰጥተንሃል» ካሉት ዘጌ ያለ በር ሁሉ ተከፈተለት። ደንግጦ «ባሕር ዳርን» ያለ ሰው ጉድ ፈላበት። ስለዚህ ማንም የማያድርበትን ቦታ እያሰቡ መስጠት አለባቸው።

ጡረተኛው አባል፦
አንቺ ልጅ፣ ተባረኪ። ቅድመ አያቶቻችን ሕጉን ሠርተው አስቀምጠውልን ኖሯል። አንድ እንቆቅልሽ እኔ ላዋጣ፦ «ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል።» መልሱ ወራጅ ውኃ ነው። ባለ ግንዱ መልሱን ያውቀዋል፣ ስሙን መጥራት ግን አይወድም። ያኔ አገር የሚሰጠው እሱ ይሆናል።

ጨዋታ መሪ፦
እሱ አንድ አገር በሰጠ ቁጥር ከሣጥኖቹ የአንዱ አፈር ዋጋ ያጣል። ሕጉ ላይ ቫምፓየር የሕይወት ነጥቡ ሲያልቅ ጉም ሆኖ ወደ ማረፊያው ይሸሻል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ይጠፋል። የሕይወት ነጥብ 144 ብሎ መቁጠር ቀረ። ሣጥን ነው የምንቆጥረው። አምስት ሣጥን ይበቃል።

አዲሷ አባል፦
ሌላው ጥላው ነው። ፊልሙ ላይ ደረጃውን የሚወጣው እሱ ሳይሆን ጥላው ነው፣ ጣቶቹ እንደዚያ ረዝመው። ትናንት መብራት ሲጠፋ ሞከርኩት። የፓስታ ካርቶን በመቀስ ቆረጥኩ። ከስልኬ መብራት ፊት ሳቆመው ግድግዳው ላይ ቁመቱ ኮርኒስ ነካ። ካርቶኑን አንድ ጣት ያህል ወደ መብራቱ ሳስጠጋ እጁ አልጋዬ ላይ ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ሻማ ካልበራልኝ አልተኛም አለ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ተጣጥፎብኛል፣ በማስቲሽ አስተካክለዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይኼ ጥሩ ነው፣ ወጪ የለውም። የእኔ ዝርዝር፦ ለስድስት ሰው የገጸ ባሕርይ ወረቀት በአማርኛ፣ ሻማ፣ አንድ ተጨማሪ ባለ 20 ገጽ ዳይስ። የአምናው ዳይስ ፍርግርጉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሌላ አልፈቅድም።

ሰዓቱን ግን በደማቁ ጻፉት። የአምናው ቦታ ጥበቃ ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ቁልፉን እያንኳኳ መብራት አጠፋብን። ቫምፓየር ደግሞ ከ12 ሰዓት በፊት አይነሣም።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ረቂቁን አስቀመጥኩ። ያልተስማማ እስከ ዓርብ ይጻፍ።

«ማኅበራችን ሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አዳራሹን እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1922 ከተሠራ ፊልም የተወሰደ ቫምፓየር በባሕር ዳር ታሪክ ውስጥ ‹ባለ ግንዱ› በሚል ስም ይቀርባል። በመጀመሪያው ምሽት ደጅ ቆሞ ማደሪያ ይጠይቃል። በሁለተኛው ተጫዋቾች በሐይቁ ውስጥ የሚያልፈውን ወራጅ ውኃ ይፈልጋሉ። በሦስተኛው እንቆቅልሽ እየተጠያየቁ ዶሮ እስኪጮህ ያቆዩታል። ገጸ ባሕርዩ ባዕድ ሲሆን ከማንኛውም የሀገራችን ማኅበረሰብ፣ ሙያም ሆነ እምነት ጋር አይያያዝም። የጨዋታው ሕግ ምንጭ በወረቀቱ ግርጌ ይጠቀሳል። አዳራሹን ጠርገን እናስረክባለን።»

ገንዘብ ያዥ፦
«ሻማ እናበራለን» የሚለውን አውጥተኸዋል። ጎበዝ። ካነበቡት አይፈቅዱም ነበር። ግን በኋላ ሲያዩት ይቆጣሉ፣ ስለዚህ መልሰህ አስገባው። «በሳሕን ላይ» በል።

ጸሐፊ፦
ገባ።

ጨዋታ መሪ፦
የዶሮውን ጩኸት ከስልክ ላጫውት ነበር። ጋሼ ግን እኔ እጮኻለሁ ብለዋል።

ጡረተኛው አባል፦
እጮኻለሁ። ግን በቃኝ ስትሉ ነው የምጮኸው እንጂ ቀድሜ አላድናችሁም። ቁልፉን ከጥበቃው ማን ይቀበላል?

አዲሷ አባል፦
እኔ። ሰፈሬ ነው።