ሰው ሲከብባቸው የሚያፍሩ በጎ ፈቃደኞች

ነርስ ነኝ፣ ደሴ። ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ዳገቱ ላይ የሚቆሙ 14 ወጣቶችን የመጀመሪያ ዕርዳታ እያሠለጠንኩ ነው። ፋሻ፣ ጓንትና ሁለት ቃሬዛ አለን። የልምምድ አሻንጉሊት ስለሌለን ጆንያ ጭድ ሞልተን ደረት መጫን ተለማመድን። 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ፣ የመጫኑ ፍጥነት በደቂቃ ከ100 እስከ 120፤ እንደ ዳዊት ሸምድደውታል። እሱ አላስቸገረኝም።

እሑድ ግን አንዷን «ራሷን ሳተች» ብለን ሰፈርተኛ ሰብስበን ሞከርን። ሰዉ ከበባት። አንዱ ውኃ ላጠጣት ይላል፣ ሌላዋ ክብሪት ታሸታታለች። ልጆቼ ትልልቅ ሰዎችን «ዞር በሉ» ማለት አፍረው ቆሙ! በሁለተኛው ሙከራ ሰደርያ አለበስኳቸው፤ ያው ነው። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። እናት አባቶችን ሳያስቀይሙ ሰው ገለል ማድረግን በምን ዓይነት ልምምድ ላስተምራቸው?