የሕይወት ታሪክ ቅጽ ለኢትዮጵያዊት እናት፦ ከየት ልጀምር?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እንግሊዝ ውስጥ ኬር ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) የምትሠሩ ወይም ሶሻል ወርክ የምታውቁ እርዱኝ። ዲሜንሺያ (የመርሳት ሕመም) ላለባቸው፣ ሰማንያን ላለፉ ኢትዮጵያዊት እናት «ላይፍ ስቶሪ» (የሕይወት ታሪክ) እንዳዘጋጅ ተመድቤያለሁ። የተሰጠኝ ቅጽ 12 ገጽ ነው። «የመጀመሪያ የባሕር ዳርቻ ዕረፍት»፣ «የቤት እንስሳሽ ስም»፣ «የምትወጂው የቴሌቪዥን ፕሮግራም» እያለ ይቀጥላል። ግማሹ እኚህን እናት አይመለከትም። እንግሊዝኛቸው እየጠፋ ነው። አንዳንድ ጠዋት ቁርስ እምቢ ይላሉ፤ ገላ ሲታጠቡ ይቆጣሉ። ቅጹን ልተወው? ስንት ጊዜ ልቀመጥ? ልጃቸው ብትሞላው ይሻላል? ካለቀስ በኋላ ማን ያነበዋል?

ኬር ፕላን፦
እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። 12 ገጽ ማንም አያነብም። ኤጀንሲ ለአንድ ሌሊት የላከው ኬረርማ (ተንከባካቢ) ፋይሉ የት እንዳለም አያውቅም። ስለዚህ ገና ሳትጀምሪ የምታወጪው ነገር አንድ ገጽ እንደሆነ ያዢ፤ በሃንድኦቨር (በሺፍት ርክክብ) ጊዜ በ2 ደቂቃ የሚነበብ። ረጅሙ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

በዚያ ገጽ ላይ ታሪክ ብቻውን አይጻፍ። እያንዳንዱ መስመር ኬረሩ ምን እንደሚያደርግ ይንገረው። «መርካቶ በርበሬ ይነግዱ ነበር» ብሎ ማቆም ዋጋ የለውም። «መርካቶ ይነግዱ ስለነበር ሌሊት 11 ሰዓት ይነቃሉ፤ ተመልሰው እንዲተኙ አትጫኗቸው፣ ሻይ ስጧቸው፤ ቦርሳቸውን ከእጃቸው አትውሰዱ» ሲባል ነው ሥራ ላይ የሚውለው። እንግሊዝኛው ላይ ግን 5 ኤኤም ብለሽ ጻፊ። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር እንዳለ ገልብጦ «ሻይ በ11 ሰዓት» የሚል መመሪያ መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

አቀማመጡ፦ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በጠቅላላው 5 ወይም 6 ጊዜ። ጠዋት ይሁን፤ ወደ ማምሻው ብዙዎቹ እረፍት ያጣሉ። በአንድ ቀን አንድ ርእስ ብቻ። «ያስታውሳሉ?» የምትለዋን ቃል ርሺያት፤ ፈተና ናት፣ መልሱ ሲጠፋባቸው ያፍራሉ። ይልቅ ጥጥና እንዝርት እጃቸው ላይ አድርጊና ዝም በይ። አፍ የረሳውን ጣት ያውቀዋል። ጥጡን ሲያባዝቱ «ይቺማ ወፍራም ናት» ካሉ ወሬው ተጀመረ ማለት ነው።

በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለው ትዝታ ነው ጠንክሮ የሚቆየው። በ1937 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱ ከሆነ ከ1947 እስከ 1967 ያለውን ፈልጊ። ዓመተ ምሕረት አትጠይቂ፤ «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ አግብተው ነበር?» በይ፣ 1953ን ታገኛለሽ። ፓስፖርት ላይ ያለውን 1 ጃንዋሪ እንደ ልደት ቀን ወስዶ ኬክ መቁረጥ ደግሞ በየቤቱ ያለ ነገር ነው።

ጀበና፦
ቅጹ የማይጠይቃቸውን ልጨምር።

ስም። «ሚስስ ከበደ» ሲሏቸው ዘወር የማይሉት ጆሯቸው ስለደከመ ላይሆን ይችላል፤ ከበደ አባታቸው ናቸው። መዝገብ ላይ ካለው ስም ሌላ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ጎረቤት የሚጠራቸው ስም ይኖራል። የትኛው ሲጠራ ፊታቸው እንደሚበራ ሞክረሽ ጻፊ፤ አነባበቡንም ለእንግሊዞቹ በድምፅ ቅጂልኝ። እማማ ሲባሉ የሚከፋቸው፣ እትዬ ካልተባሉ የማይመልሱም አሉ። አንቱ ማለትን አትርሺ፤ አንቺ ያልሻቸው ቀን ወሬው ያበቃል።

ቋንቋ። እንግሊዝኛው ሲሄድ ቀጥሎ አማርኛው ሊሄድ ይችላል። በልጅነት ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ጉራጊኛ ይነገር እንደነበር ቤተሰብ ጠይቂ። አማርኛ ተናጋሪ ኬረር ተመድቧል ተብሎ ጉዳዩ መዘጋት የለበትም።

ማተብ። ከመታጠብ በፊት «የቆሸሸ ክር» ተብሎ በመቀስ የተቆረጠ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ መታጠቢያ ቤት አይገቡልሽም። አንዱ ገጽ ላይ ከላይ፣ በደማቁ ይጻፍ፦ አይቆረጥ፣ አይወልቅ። ቁጣው ከሌላም ሊመጣ ይችላል፤ ወንድ ኬረር መመደቡ፣ ሙሉ በሙሉ መራቆት፣ ውኃ ከላይ በድንገት ራስ ላይ መውረዱ። ገላቸውን በነጠላ ወይም በፎጣ ሸፍነሽ፣ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዘሽ ከእግር ጀምሪ። እጃቸውንና ፊታቸውን ራሳቸው ይታጠቡ።

ንቅሳት። አንገትና አገጭ ላይ ያለው ሰማያዊ፣ ድድ ላይ ያለው ጥቁር፣ ለማያውቅ ሰው የተመታ ይመስላል። በገቡበት ቀን ቦዲ ማፕ (የሰውነት ምልክቶች የሚሞሉበት ሥዕል) ላይ «የቆየ ንቅሳት» ተብሎ ካልተሞላ አንዱ የማታ ነርስ ምርመራ ታስከፍታለች።

ቡናም ማፍላት ይቻላል፣ ግን ከሰልና እጣን የእሳት ማንቂያውን ይቀሰቅሰዋል፤ ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው አጠገብማ ፈጽሞ አይሞከርም። ቤት የተቆላ ቡና አምጥተሽ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ጣጂ። ሽታው ይበቃል።

ፋይል ከፋች፦
ስለ ልጅየዋ። መረጃ ትስጥ፣ ፎቶ ታምጣ፣ ግን እሷ ብቻዋን አትሙላው፤ ማስተርጎሙንም ለእሷ አትተዉላት። ልጅ ስለ እናቷ የምታውቀው እናትነታቸውን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሴት አታውቃትም። ደግሞም ያሳፍራል የምትለውን ትዘለዋለች፤ የመጀመሪያ ባል፣ አገር ቤት የቀረ ልጅ። እናትየዋ ቢናገሩ እንኳ ማን ይወቀው የሚለው የእሳቸው ውሳኔ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2005 በወጣው የእንግሊዝ የሜንታል ካፓሲቲ (ራስ የመወሰን ችሎታ) ሕግ መሠረት ዲሜንሺያ አለባቸው ተብሎ ብቻ መወሰን አይችሉም አይባልም፤ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ይታያል። «ይህን ፎቶ ግድግዳ ላይ ልስቀለው?» ለሚለው መመለስ የሚችሉ ብዙ ናቸው። መወሰን ሳይችሉ ሲቀሩም የሚወስንላቸው አካል የቀድሞና የአሁን ፍላጎታቸውን፣ እምነታቸውን ማየት ግዴታው ነው። ያኔ ያንቺ ገጽ ማስረጃ ይሆናል፤ ስለዚህ የሰማሽበትን ቀንና የተናጋሪውን ማንነት ጻፊበት። «ራሳቸው እንዳሉት» እና «ልጃቸው እንዳለችው» አይቀላቀሉ።

የደርግን ዘመን አንቺ አትክፈቺው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጅ ወይም ወንድም የቀበሩ፣ ያልቀበሩም አሉ። እሳቸው ከጀመሩ ስሚ፣ ዝርዝር አትጠይቂ፣ ከቻልሽ በሚወዱት ነገር አሳርጊው። ወረቀቱ ላይ ምክንያቱ አይጻፍ፣ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ይጻፍ፦ «ማታ በር በኃይል አይንኳኳ፤ ባትሪ ፊታቸው ላይ አይብራ፤ ስማቸውን ጠርታችሁ ግቡ።» የፖለቲካ ድርጅት፣ እስር፣ የብሔር ጉዳይ ግድግዳ ላይ አይወጣም። ሰዋችን ጥቂት ነው፤ ጠያቂ ሆኖ የሚመጣው ሁሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛል። አንቺም እዚያው የምትሳለሚ ከሆነ የሰማሽው ከሥራ ቦታ አይውጣ።

ፎቶ ከ10 እስከ 15 ይበቃል። ዋናውን ስካን አድርገሽ ዕለቱን መልሺ፤ ኮፒውን አንድ ወይም ሁለት በገጽ ለጥፊ፣ ከሥሩ በትልቅ ፊደል ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ጻፊ። የሟች ባል ፎቶ ሥር «ያረፉበት ቀን» አይጻፍ። ላነበቡት ቁጥር አዲስ መርዶ ነው።

የማታ ሺፍት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀበና የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ የምግብ ቻርቱን የ4 ሳምንት አየሁት። «ቁርስ እምቢ አሉ» የሚለው በሙሉ ረቡዕና ዓርብ ነው። የሚቀርብላቸው ገንፎ በወተት ነው። ችግሩ ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) ጠዋት ከቁርስ ጋር ታዞላቸዋል። ምን ብዬ ልጻፈው?

ኬር ፕላን፦
ቻርቱን ማየትሽ ጥሩ። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ ያለ ቁርስ ሆዳቸውን ታውካለች። ሰዓቱን ግን አንቺ አትለውጪው፤ ለጂፒው (ለሐኪማቸው) ወይም ለፋርማሲስቱ በጽሑፍ ይነገር፣ እነሱ ሲለውጡ የመድኃኒት መስጫ ቻርቱ ይለወጥ። አስቀድመሽ የምታጣሪው፦ የሚጾሙት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ወይስ ጥያቄው ወተቱ ብቻ ነው? ወተቱ ብቻ ከሆነ በአጃ ወተት የተሠራ ገንፎ ወይም ዳቦ በሽሮ ረቡዕ ጠዋት አቅርቢና የበሉትን መዝግቢ፤ መድኃኒቱም በሰዓቱ ይሄዳል። እስከ እኩለ ቀን ምንም አልቀምስም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ልጃቸው የንስሐ አባታቸውን ታነጋግር፤ የታመመ ሰው ከጾም እንዲያርፍ ቄስ ሲነግራቸው የሚቀበሉት፣ ኬረር ሲነግራቸው አይደለም።

መስመሩ እንዲህ ይሁን፦ «ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይበሉም። እምቢታ ብላችሁ አትመዝግቡ፤ የጾም ምግብ አቅርቡ።» የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾምና የ15 ቀኑን ፍልሰታ የዘንድሮ ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ከሥሩ አስቀምጪ። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ያንን መስመር በየዓመቱ ጥር ላይ ታድሺዋለሽ። ለኩሽናውም አንድ ኮፒ ስጪ፤ ፋይሉ እዚያ አይደርስም።

ጀበና፦
ነጠላውንም ጨምሪበት። የኬር ሆሙ ላውንደሪ በ60 ዲግሪና በማድረቂያ ያጠፋዋል። በ30 ይታጠብ፣ በአየር ይድረቅ፣ ስማቸው ጥለቱ ጫፍ ላይ በውስጥ በኩል ይሰፋ።