የቦርከና ወንዝ ቤት ገብቶ የአያቴን ዳዊት አራሰው፤ እንዴት ላድርቀው?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሌሊት ላይ ደሴ የዘነበው ዶፍ ቦርከናን ሞልቶ እኛ ሰፈር ደረሰ። ሰው ተርፏል፣ ተመስገን። ቤት ያለ እህል ጭቃ ሆኗል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአያቴ የብራና ዳዊት ነው። ከማኅደሩ ስናወጣው ቅጠሎቹ አብጠው ተጣብቀዋል። መጀመሪያው ላይ ዳዊት በገና ሲደረድር የተሣለ ሥዕል አለ፤ የእጁ ቢጫ ቀለም ወደ አውታሮቹ ፈሷል፣ ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ልጅ ሆኜ አያቴ ጸሎቱን እስኪጨርስ ዓይኔ ከዚያ ሥዕል አይነቀልም ነበር። አጎቴ «ፀሐይ ላይ እናስጣው፣ ከዚያ ሠዓሊ ፊቱን ይመልስልናል» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የወረባቦው፦
አብሽሪ እህቴ። ፀሐይ ላይ እንዳታወጡት! ብራና ቆዳ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል። አየር የሚገባበት ጥላ ውስጥ አድርጊው። የሚከፈቱት ቅጠሎች መሃል ነጭ ሶፍት አስገቢና ሲርስ ቀይሪ። የተጣበቀውን በግድ አታላቅቂ። ሥዕሉ ላይ ምንም አይረፍበት፣ ቀለሙ ይዞ ይነሳል። ደግሞ ፍጠኚ፤ በሁለት ቀን ሻጋታ ይጀምራል። የአባቴ ኪታቦች በጎርፍ ሲርሱ፣ ወረቀት ስለሆኑ ማድረቅ ያልደረስንባቸውን በፌስታል ጠቅልለን ፍሪዘር አስገባናቸው። አብዛኞቹ ተርፈዋል አልሐምዱሊላህ።

ከፒያሳ ደሴ፦
ስለ ሠዓሊው እለምንሻለሁ፣ አይሆንም። በኅዳር 1966 እ.ኤ.አ. የአርኖ ወንዝ የጣሊያኗን ፍሎረንስ ሲያጥለቀልቅ የጥንቱ ሠዓሊ የቺማቡዌ የስቅለት ሥዕል አብዛኛው ቀለሙ ረገፈ። ጠጋኞቹ የጠፋውን ፊት ከራሳቸው አልሣሉም፤ የተረፈውን አጸኑ፣ ጉዳቱ ዛሬም ይታያል። የእናንተም ዳዊት ዓይኑ ቢጠፋም የቀረው የዚያ የጥንቱ ሠዓሊ እጅ ነው። አዲስ ቀለም ከተደረበበት እሱንም ታጡታላችሁ።

በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ግቢ ያለውን የደሴ ሙዚየም ከጦርነቱ በፊት ስንቴ ተመላልሼ አይቼዋለሁ። በ2014 ሲዘረፍ ምን እንዳጣን የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የቀረ አንድ ብራና ለኔ ለወሎ ሁሉ ንብረት ነው። እባክሽ አሁን ባለበት ሁኔታ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺው። ሲደርቅም ለባህልና ቱሪዝም ሰዎች አሳዩት፤ ብራና የሚጠግን ባለሙያ ጋ ሊያገናኟችሁ ይችላሉ።

የኮምቦልቻዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴም ሰምቶ ሠዓሊውን ትቶታል። ጓዳ ውስጥ ጥላ ላይ አስቀምጠነዋል፣ ሶፍቱን እኔና እናቴ እየተቀያየርን እንለውጣለን። ማኅደሩንስ አብሬ ላድርቀው?

የወረባቦው፦
ለብቻ። የራሰ ቆዳ ቀለም ይለቃል፣ ብራናውን እንዳይነካው።