የዘመኑ ሐኪም ገንዘብ እንጂ በሽተኛ አያይም?

የአራት ኪሎዋ፦
ዛሬ ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮ ላይ አንድ አድማጭ ደውሎ «የዘመኑ ሐኪም ገንዘብ እንጂ በሽተኛ አያይም» አለ። ታክሲው ሙሉ ተቀበለው። ረዳቱ ሳይቀር ሂሳብ እየሰበሰበ «እውነቱን ነው» ይላል። እህቴ ሐኪም ናት። ዲዩቲ አድራ ስትመጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። ደሜ ፈላ። ሰዉን ምን ነካው?

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
እህቴ፣ ሰዉን የነካው ሐኪሙ ነው። አባቴን የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድኩት። ሰማንያ ዓመት እየተጠጋው ነው። ጠዋት ገብተን እስከ እኩለ ቀን ወረፋ ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ ነስቶ ገባ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየውም። ስልኩን እየነካካ ጠየቀው፣ ጻፈ፣ «ቀጣይ» አለ። አባቴ ስኳር እንዳለበት የነገረችን መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ናት። አሁን ደግሞ ደመወዝ አነሰ ልትሉ ነው። አክብሮት በደመወዝ አይገዛም።

ጠቅላላ ሐኪም፦
የአባትህ ነገር አሳዝኖኛል። ሕመሙን ሳይነግሩ መሸኘት ጥፋት ነው፤ ምንም አይሸፍነውም። «አክብሮት በደመወዝ አይገዛም» ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። እዚሁ መሀል ከተማ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ መጀመሪያ ላይ «ዶክተር፣ ቡና ደርሷል» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ኑሮው ሲከብድ ኪራይ ማዘግየት ጀመርኩ። ቡናውም ቀረ፣ ዶክተሩም ቀረ። አሁን «ይኼ ልጅ» ነኝ። ሰው የሚያከብረውን በኪሱ ይመዝናል። ይኼን ሕግ እኔ አላወጣሁትም።

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
እኔም ዘይቱን በውድ ነው የማመጣው። ደንበኛ ላይ ግን ፊቴን አላዞርም።

የአራት ኪሎዋ፦
አንተ ጋ የተከፋ ደንበኛ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እህቴ እንቅልፍ አጥታ ብትሳሳት ሰው ይሞታል። እኩል አታድርገው። በቀን ስንት ሰው እንደምታይ ታውቃለህ?

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
ቀና ብሎ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እሱን ብቻ መልሱልኝ።

ሬዚደንት፦
ወንድሜ፣ ምንም አይፈጅም። እዚያ ላይ እውነት አለህ። ግን የቀረውንም ስማ። ማሽኑ ተበላሽቷል የምለው እኔ ነኝ። መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዙ የምለው እኔ ነኝ። አልጋ የለም የምለውም እኔው ነኝ። በጀት የሚቆርጠው ሰውዬ በሽተኛ ፊት አይቆምም። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጅማ፣ ከጎንደር፣ ከሐረር የመጣ የካንሰር ታማሚ ወራት ይጠብቅ ነበር። ያንን የራቀ ቀጠሮ ማን ይነግረዋል? ሐኪም። ቤተሰብ የሚረግመው ፊቱ የቆመውን ነው። በቅርቡ አንድ አስታማሚ ኮሌታዬን አነቀኝ። የወንድሙ ልጅ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። አልጋ ከየት ላምጣለት? ልቆጣው አልቻልኩም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አንቅ ነበር።

ጋሼ ከሰንጋ ተራ፦
ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ሐኪም ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። እነ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ዎርድ ሲገቡ ተማሪው ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ያ ሥነ ሥርዓት ነው የጠፋው።

ጠቅላላ ሐኪም፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፕሮፌሰር አስራት የንጉሡ ሐኪም የነበሩ ሰው ናቸው። በ1985 ከ40 ከሚበልጡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባረሩ። ኋላም ታሰሩ። ያ ሁሉ ክብር አላዳናቸውም።

ጋሼ ከሰንጋ ተራ፦
ያባረራቸው መንግሥት ነው። ሕዝቡ መቼ ናቃቸው? ሁለቱን አትደባልቅ።

ታዛቢ፦
በፖለቲካቸው ነው የታሰሩት። እሳቸውን እዚህ ምን አመጣቸው?

ጠቅላላ ሐኪም፦
እኔ አይደለሁም ያመጣኋቸው። ግን እሺ፣ መንግሥት እንበል። በ2017 ግንቦት ባለሙያው ደመወዝ ይሻሻል ብሎ ሥራ ሲያቆም ብዙዎች ታሰሩ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። መጀመሪያ ያቀለለን ቀጣሪያችን ነው፤ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው እሱን አይቶ ነው።

የካዛንቺስ እናት፦
በዚያ ግንቦት የልጄ ቀጠሮ ተሰርዞ በር ላይ ቆሜ ነበር። ድንገተኛ ካልሆነ አናይም ተባልኩ። ጥያቄያችሁ ትክክል ነው፤ ሲታሰሩም አዝኛለሁ። ዋጋውን የከፈለው ግን ልጄ ነው። ሌላም ልንገራችሁ። ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል ውስጥ «ማሽን የለም» ያለኝ ሐኪም የግል ክሊኒክ አድራሻ በእጁ ጽፎ ሰጠኝ። ማታ ሄድኩ። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። ለልጄ ከረሜላ ሰጠው። ውጤቱን በሥዕል አስረዳኝ። ያው ሰው ነው! ያ ፊት ጠዋት የት ነበር?

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
ይኸው! ጠዋት የነፈገንን አክብሮት ማታ ሸጠልን።

ጠቅላላ ሐኪም፦
በገንዘብ ይገዛል ማለት ነዋ። አንተው አልክ።

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥ። እኔ ያልኩት፣ ደመወዝህ እጥፍ ቢሆንም ያንን የማታ ፊት ጠዋት አታመጣውም ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፦
እስኪ ይሞከራ! ጠዋት ያለው ሥራ ቤተሰቤን ቢያኖር ማታ ክሊኒክ ምን አስሮጠኝ? ደክሞህ አድረህ ፈገግ በል ማለት ይቀላል።

የአራት ኪሎዋ፦
እህቴ የግል ክሊኒክ ሠርታ አታውቅም። ታክሲው ውስጥ ግን እሷም ተሰደበች። የናደደኝ እሱ ነው። አንድ ሰው ሲያጠፋ ሙያው ሁሉ ለምን ይረገማል?

ጡረታ የወጣች ሲስተር፦
ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሐኪም፣ ሐኪም፣ ሐኪም! ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ የምታድረውን ነርስ ማን አከበራት?

ታዛቢ፦
ሲስተር፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው።

ጡረታ የወጣች ሲስተር፦
ሌላ አይደለም ልጄ። በበሽተኛ ፊት ነርሷ ላይ የሚጮኸው ሐኪም ነው። አስታማሚው ቆሞ ያያል። በማግሥቱ እሱም ይጮህባታል፤ ቀጥሎ ሐኪሙ ላይ ይጮኻል። መናናቁን ማን አስተማረው?

ሬዚደንት፦
ሁላችንንም አይወክልም። እኔን ሥራ ያስጨበጠችኝ ነርስ ናት።

ጡረታ የወጣች ሲስተር፦
ታዲያ እኔ እስክገባ ድረስ ለምን አንዳችሁም ስሟን አላነሳችሁም?