ክርክር፦ ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን በየዓመቱ ማጣሪያ ይግባ ወይስ መጀመሪያ የታዳጊዎች ሊግ ይኑረን?

አወያይ፦ ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫን ከ2025 ጀምሮ በየዓመቱ እንዲካሄድ አድርጓል። እስከ 2029 ድረስ ያሉትን አምስት ውድድሮች የምታስተናግደው ሞሮኮ ናት፤ የተሳታፊ አገሮች ቁጥር ከ16 ወደ 24፣ የአፍሪካ ድርሻም አስተናጋጇን ጨምሮ ከሦስት ወደ አምስት ከፍ ብሏል። ቀድሞ ማጣሪያው በሁለት ዓመት አንዴ ይመጣ ስለነበር ቡድን ለማዋቀርም ለመበተንም ጊዜ ነበረ፤ አሁን ግን የአንዱ ማጣሪያ ውጤት ተገምግሞ ሳያልቅ የሚቀጥለው ይደርሳል። ታዲያ ኢትዮጵያ ልጃገረዶቿን በየዓመቱ ታስገባ ወይስ ያላትን ገንዘብና ጉልበት ለጥቂት ዓመታት በአገር ውስጥ የታዳጊዎች ሊግ ላይ ታውል? ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ፤ በኢትዮጵያ ከሆነ ለይታችሁ ግለጹ። እንደ ልማዳችን ተናጋሪዎች በሥራቸውና በከተማቸው ይጠራሉ።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ ከሐዋሳ፦ መግባት አለብን፤ በየዓመቱም መግባት አለብን። ለ2022ቱ የሕንድ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ልጆቻችን እስከ መጨረሻው ዙር ተጉዘው ከናይጄሪያ ጋር ተገናኙ፤ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ በመልሱ አቡጃ ላይ ያለ ግብ ተለያዩ። በአንዲት ግብ ብቻ የጣለን ያ የናይጄሪያ ቡድን ሕንድ ሄዶ አሜሪካን በሩብ ፍጻሜ አሰናበተ፤ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታም ጀርመንን በመለያ ምት ረትቶ የነሐስ ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን ታንዛኒያን ጥሎ የኮስታሪካው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር ላይ ደርሶ በጋና ተገታ፤ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም በ2021 ዩጋንዳ ላይ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮችን) ዋንጫ አንሥቶ ነበር። ከዓለም ሦስተኛ ከወጣ ቡድን በአንዲት ግብ ያነሱ ልጆችን «ገና ናችሁ፣ ቆዩ» ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

የስፖርት መምህርት ከዱራሜ፦ አሰልጣኝ፣ የ2022ቱን ውጤት እኔም በኩራት ነው የማነሣው። ነገር ግን ታሪኩን እዚያ ላይ ባያቆሙት መልካም ነበር። ለ2024ቱ ማጣሪያ ከኬንያ ጋር ተገናኝተን አዲስ አበባ ላይ ያለ ግብ ተለያየን፤ ናይሮቢ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፍን። ኬንያ ከዚያ ብሩንዲን አሸንፋ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገባች፤ ያ ቡድን በወንዶችም በሴቶችም፣ በየትኛውም የዕድሜ እርከን የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫወተ የመጀመሪያው የኬንያ ቡድን ሆነ። ሁለት ዓመት ቀድመን ደጃፉ ላይ የነበርነው እኛ ነን፤ የገባችው ግን ጎረቤታችን ናት። ተደጋግሞ መግባት ብቻውን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው በየሳምንቱ ከማየው ነው። በወረዳችን በሚደረጉ የልጃገረዶች ጨዋታዎች የመሐል ዳኛ ይገኛል፤ የመስመር ዳኛ ግን የለም። ስለዚህ ተከላካዮቻችን ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር በወሬ እንጂ በሜዳ አይማሩትም፤ መስመራቸውን ጠብቀው አብረው መውጣትንም አይለምዱም። እጅ ስትወረውር አንድ እግሯን ከመሬት ያነሣችን ልጅ ማንም አያስቆማትም። ተቀይራ የምትወጣዋ ታኬታዋን አውልቃ ለምትገባዋ ትሰጣለች፤ ቁጥሩ ከሰፋ ጫፉ ላይ ካልሲ ይጠቀጠቃል። ከእነዚህ መካከል ጎበዟ ተመልምላ፣ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የልህቀት ማዕከል ለአጭር ጊዜ ተዘጋጅታ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ስትገባ፣ ፊሽካ የሚነፋባት ለምን እንደሆነ የሚገባት ከተሸነፈች በኋላ ነው። እኔ አትግባ አላልኩም፤ ይህንን በሊግ ተምራ ትግባ ነው ያልኩት።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ ከሐዋሳ፦ መምህርት፣ የመስመር ዳኛ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከማጣሪያ ብንቀር የመስመር ዳኛ ይመጣል የሚል ማረጋገጫ ከየት አገኙ? በእኔ አካባቢ የማየው ተቃራኒውን ነው። አንዲት ልጅ ለብሔራዊ ቡድን ስትጠራ የምትሠለጥንበት የታዳጊዎች ፕሮጀክት ኳስና ማሊያ ያገኛል፤ ሴት ልጁን ሜዳ አልልክም ያለ አባትም ቆም ብሎ ያስባል። ጥሪው ሲቀር ይህ ሁሉ አብሮ ይቀራል። ከውድድር የተቆጠበ ገንዘብ ተመልሶ ወደ ታዳጊ ሴቶች ሜዳ የወረደበትን አንድ ምሳሌ ቢያሳዩኝ ሐሳቤን መልሼ አጤነዋለሁ።

በስፖርት አስተዳደር የሚሠራ ከአዲስ አበባ፦ ገንዘቡን በተመለከተ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ዋናው ውድድር ላይ ለሚደርስ ቡድን የጉዞና የማረፊያውን ወጪ የሚሸፍነው ፊፋ ነው፤ የማጣሪያው ወጪ ግን በአብዛኛው የፌዴሬሽኑ ሸክም ነው። አንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ ማለት የልዑካን ቡድኑ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል ወጪና የውሎ አበል፣ በሜዳችን ሲሆን ደግሞ የዳኞችና የጨዋታ ኮሚሽነሩ መስተንግዶ ነው። ስም ካስመዘገቡ በኋላ መቅረትም ቅጣት አለው። በአንጻሩ ፊፋ ለአባል ፌዴሬሽኖች በሚሰጠው የልማት ድጋፍ ውስጥ ለሴቶችና ለታዳጊዎች ውድድር የሚውል ክፍል ስላለ፣ ሊጉና ማጣሪያው የግድ ከአንድ ኪስ ይወጣሉ ብሎ መነሣት አያስፈልግም።

ሌላው ስለ ዓመታዊው ዙር ነው። ውድድሩ በሁለት ዓመት አንዴ በነበረ ጊዜ ከሁለት የልደት ዓመቶች የአንዱ ልጆች ሁልጊዜ ተጎጂ ነበሩ፤ ተራቸው ሲደርስ ወይ በአንድ ዓመት ያንሳሉ ወይ ዕድሜያቸው አልፏል። ለ2025ቱ የተፈቀደላቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ወዲህ የተወለዱ ናቸው፤ ለሚቀጥለው ከ2009 ወዲህ፣ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ የልደት ዓመት አሁን የራሱ ተራ አለው። ስለዚህ አንድ ዓመት መቅረት ማለት የአንድ ዓመት ልጆችን ሙሉ በሙሉ መዝለል ማለት ነው።

የቀድሞ የፕሪምየር ሊግ ተጫዋች ከአዲስ አበባ፦ እኔ ከሁለታችሁም የምለየው በዚህ ነው፤ ዋናው ችግር መግባት አለመግባቱ ሳይሆን ቡድኑ ከመልሱ ጨዋታ ማግስት መበተኑ ነው። ሉሲዎቹን፣ ዋናውን የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ተመልከቱ። በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል፤ ለሦስተኛ ደረጃ የተጫወቱትንም ከጋና ጋር በመለያ ምት ነበር የተሸነፉት። ከ2012ቱ የኢኳቶሪያል ጊኒ ውድድር በኋላ ግን እስከ 2024ቱ ድረስ በአንዱም የአፍሪካ ዋንጫ አልታዩም። በታዳጊ ደረጃ የምናየው ጥንካሬ ወደ ዋናው ቡድን ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱም አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ካምፑ ሲዘጋ ወደ ቤቷ እንጂ ወደ ክለብ አትሄድም። ዕድለኞቹ ንግድ ባንክ፣ ሐዋሳ፣ መቻል ወይም አርባ ምንጭ ይወስዷቸዋል፤ የቀሩት ያገባሉ፣ ሥራ ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹም ዐረብ አገር ይሄዳሉ። አብረውኝ ከተጫወቱት ጎበዞች መካከል ዛሬ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ አለች።

ስለ ሎዛ አበራም ልጨምር፤ የሁሉም ሰው ማስረጃ ስለምትሆን ነው። ሎዛ የዚያችው የመምህርት ከተማ፣ የዱራሜ ልጅ ናት፤ በሐዋሳና በደደቢት አልፋ ስዊድን ደርሳለች፣ ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ በአንድ የሊግ ዘመን 30 ግብ አስቆጥራለች፣ በ2024 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግራለች። እርሷን የሠራት በየሳምንቱ የምትጫወትበት ክለብ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የስፖርት መምህርት ከዱራሜ፦ እህቴ፣ የእኔን ክርክር አጠናከርሽልኝ። ንግድ ባንክም ያው ነው፤ በ2024 የሴካፋን ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የተሳተፈው ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚሠራ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ቡድን ስለሆነ ነው።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ ከሐዋሳ፦ ንግድ ባንክን እኔም ላነሣው ነበር። በ2021 በሴካፋ ፍጻሜ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ፤ በ2023 ፍጻሜ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተሸነፈ፤ በ2024 አሸነፈ። ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ «እስክንጠነክር እንቆይ» ብሎ ቢሆን ሞሮኮን ባላየ ነበር።

የተጫዋች እናት ከአርባ ምንጭ፦ የተማራችሁ ሰዎች ስለምትከራከሩ ለመግባት አመንትቼ ነበር፤ ሆኖም ስለ ልጆቹ ትምህርት እስካሁን ማንም አላነሣም። ከናይጄሪያ ጋር የተደረጉት ሁለቱ ጨዋታዎች በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2014 ላይ ነበሩ፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚሰጠው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ናቸው። ልጄ ለምልመላ ተጠርታ በነበረ ጊዜ የመጣው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ነው፤ «ለዝግጅት ስለምትፈለግ ትብብር እንዲደረግላት» ይላል። መቼ እንደምትመለስ፣ ያመለጣትን ትምህርት ማን እንደሚያስተምራት፣ ብትጎዳ የሚያሳክማት ማን እንደሆነ አንድም ቃል የለበትም። አባቷ ሦስት ጊዜ አንብቦ አልፈርምም አለ። እኔ ፈረምኩ። ኳሱን ስለምትወደው እንጂ ደብዳቤው አሳምኖኝ አይደለም። በየዓመቱ ይጠሩ የምትሉ ከሆነ ይህ በየዓመቱ እንደሚደገም አስቡት።

በስፖርት አስተዳደር የሚሠራ ከአዲስ አበባ፦ ወይዘሮ፣ ያነሡት ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብድ ጉዳይ ነው። የጥሪ ደብዳቤው መልስ ሊሰጥ የሚገባው ለእነዚሁ ለጠቀሷቸው ሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ይህን ለማድረግም ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።

የስፖርት ሕክምና ባለሙያ ከአዳማ፦ ዕድሜን በተመለከተ አጭር ማብራሪያ ላክል፤ በየዓመቱ ስንመለምል ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣልና። በወንዶች ከ17 ዓመት በታች ውድድር ፊፋ ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መርምሮ ዕድሜው ያለፈውን ይለያል። ለሴቶች ግን ይኸው ምርመራ አይሠራም፤ የልጃገረዶች የአንጓ አጥንት ከወንዶች ቀድሞ ስለሚገጥም፣ በእውነት ከ17 በታች የሆነችውን ልጅ እንኳ «አልፋለች» ሊል ይችላል። የሚቀረው ማስረጃ ሰነድ ነው። በአገራችን ደግሞ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2016፣ በእኛ 2008 ነው። በ2010 ወይም በ2011 የተወለደች ልጅ የልደት ምስክር ወረቀቷን ያገኘችው ስትወለድ ሳይሆን ኋላ ላይ፣ በቤተሰብ ቃል ነው። ስለዚህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የትምህርት ቤት መዝገብ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ሳይመሳከር ምልመላ መጀመር የለበትም። መምህርት የምትጠይቀው ሊግ ቢኖር ልጆቹ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ስለሚመዘገቡ ይህ ችግር በእጅጉ ይቃለል ነበር፤ በዚህ ነጥብ ሚዛኔ ወደ እርሷ ያደላል።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ ከሐዋሳ፦ ዶክተር፣ ይህን እቀበላለሁ፤ ሊግ አይኑር ያልኩበት ቦታም የለም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። ሊጉ እስኪቋቋም ማጣሪያው ይቁም ከተባለ፣ ሊጉ ሲዘገይ (መዘግየቱ ደግሞ አይቀርም) የሚዘገየው ማጣሪያውም ነው።

አወያይ፦ መምህርት፣ ቀጥተኛ ጥያቄ ላቅርብልዎ። ሥልጣኑ በእጅዎ ቢሆን የሚቀጥለውን ማጣሪያ ይሰርዙታል?

የስፖርት መምህርት ከዱራሜ፦ የሚቀጥለውን አልሰርዝም፤ የተመዘገበ ውድድር ትቶ ቅጣት መክፈል ሞኝነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በቅድመ ሁኔታ አስረዋለሁ። ሊግ ስል አገር አቋራጭ ጉዞ ያለበት ውድድር ማለቴ አይደለም፤ ሐዋሳ፣ ዱራሜ፣ ሶዶና አርባ ምንጭ በአውቶቡስ ተገናኝተው በየሁለት ሳምንቱ የሚጫወቱበት፣ ሁለት የመስመር ዳኞች ያሉበት፣ ከኅዳር ጀምሮ ፈተናው ከመድረሱ በፊት ሚያዝያ ላይ የሚያልቅ ነው። በሌሎቹም አካባቢዎች እንዲሁ። ብሔራዊ ቡድኑ ከእነዚህ ጨዋታዎች ይመልመል፤ በሁለት ቀን የሙከራ ጨዋታ ሠላሳ ልጅ መምረጥ ይቅር።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ ከሐዋሳ፦ ሊጉን እፈርማለሁ፤ ቅድመ ሁኔታውን አልፈርምም። በ2010 የተወለደች ልጅ በዕድሜዋ ጣሪያ ላይ ሆና የምትጫወተው የ2027ቱን ነው። ፌዴሬሽኑ ሊጉን በጊዜው ባይጀምር ቅጣቱን የምትከፍለው እርሷ ትሆናለች።

የስፖርት መምህርት ከዱራሜ፦ እኔ ደግሞ የማስተምረው በ2012 የተወለዱትን ነው፤ የእነርሱ ተራ የሞሮኮው የመጨረሻ ውድድር፣ የ2029ኙ ነው። ሊጉ በመጪው ኅዳር ቢጀመር ከማጣሪያው በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን ይጫወታሉ። ያለ ቅድመ ሁኔታ ከተተወ ግን አይጀመርም፤ አሰልጣኝም ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል።