የፎርሙላው ግዢ ረቂቅ፣ ሦስተኛ ዙር

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ፒኬዩ ላለባቸው ልጆች፣ ማለትም ከፕሮቲን የሚገኘውን ፌኒላላኒን ሰውነታቸው ማስወገድ ለማይችል፣ ፌኒላላኒን የሌለውን ፎርሙላ በጋራ እናስመጣ ነው ነገሩ። በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሲቀር ምን እንደሚሆን የካቲት ላይ አይተነዋል። መዋጮው በየቤቱ 3,000 ብር። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የመንትዮቹ አባት፦ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ምንድን ነው? ልጅ እንጀራ በሽሮ ሲጎርስ?

ጸሐፊ፦ ባዶ እንዳይሆን ነው። ጽሑፉን አንብበው።

የመንትዮቹ አባት፦ አላነብም። ሽሮ! ልጆቻችን የማይነኩትን ለጥፈን ነው ብር የምንለምነው? 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ10 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። አንዱ ግራም ወደ 50 ሚሊግራም ፌኒላላኒን ነው። የእኔዎቹ የቀን ድርሻቸው 300 ሚሊግራም። አስላው እስቲ። አንዲት እንጀራ ሳይጨርሱ አለቀ።

የባዮቲን እናት፦ ፎቶውን ተዉትና 3,000ውን አስረዱኝ። የእኔ ልጅ በሽታዋ ሌላ ነው፤ የሚያስፈልጋት በቀን 10 ሚሊግራም ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን ነው። እሷ እንጀራም ሽሮም ትበላለች። ለምን እኩል እከፍላለሁ?

ገንዘብ ያዥ፦ አምና ባዮቲን ሲያልቅብሽ ማን ነው የገዛልሽ?

የባዮቲን እናት፦ የገዛችሁት ከኮስሞቲክስ ቤት የፀጉር ክኒን ነበር! 5,000 ማይክሮግራም የሚለውን አይታችሁ «ይበዛባታል፣ ግማሹን ስጫት» አላችሁኝ። 5 ሚሊግራም እኮ ነው። ሁለት ነበር የሚያስፈልጋት።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ እሱስ ልክ ነሽ። ይቅርታ። ያን ሰሞን ሁላችንም ደንግጠን ነበር።

አያት፦ ፎቶው የቡላ ይሁን። የልጅ ልጄን ያሳደግኳት በቡላ ገንፎ ነው። ፕሮቲኑ ከቁጥር አይገባም።

የመንትዮቹ አባት፦ እማማ ልክ ናቸው። ቡላ ይሁን።

ሳሪስ፦ ገንፎ በፎቶ አያምርም። ፍራፍሬ አድርጉት።

የመንትዮቹ አባት፦ ቡላ ምን ሆነና ነው የማያምረው?

ሳሪስ፦ አንተ ሰውዬ ዛሬ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የመጣኸው?

ጸሐፊ፦ ነገ ዓርብ ነው። አስመጪውን የሚያነጋግረው ማን ነው? ጋሼ «ለእኔ ተዉት» ብለው ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ስልካቸው አይነሳም። ሁለት ሳምንት ሆነ።

አዲስ ገቢ፦ ሳፕሮፕተሪን የሚባል፣ ፌኒላላኒንን ከደም የሚቀንስ ክኒን አለ አሉ። እሱ ከመጣ ፎርሙላው አይቀርም?

የመንትዮቹ አባት፦ ለሁሉም ልጅ አይሠራም። መጀመሪያ ተሞክሮ ደሙ መታየት አለበት። ነገር አታብዛብን።

አያት፦ ወልቂጤ ያለችው እህቴ ጥሩ ቡላ ትልካለች። በኪሎ እንካፈል።

የመንትዮቹ አባት፦ 10 ኪሎ ጻፉልኝ።

ሳሪስ፦ ለእኔ 5።

የባዮቲን እናት፦ ለቡላ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ቡላ ሆድ ይሞላል። ልጁን የሚያሳድገው ፕሮቲን ግን ያለው ፎርሙላው ውስጥ ነው። ለማንኛውም ርዕሱን «የፎርሙላና የቡላ ግዢ» ብዬዋለሁ። ፎቶውን አውጥቼዋለሁ። የአስመጪው ቦታ አሁንም ባዶ ነው።

የመንትዮቹ አባት፦ ፎቶ ይውጣ ማን አለ? ይቀየር ነው ያልኩት።

አዲስ ገቢ፦ ቤቴ የቀረኝ ሁለት ጣሳ ነው። ትርፍ ያለው አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ቡላው ቅዳሜ ይደርሳል። ፌስታል ይዛችሁ ኑ።