ለእናቴ የማስታወስ ችግር ፕሮባዮቲክ ልግዛላት ወይስ ምግቧን ላስተካክል?

ሴት ልጃቸው፦

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከዓመት ወዲህ ስም ይጠፋባታል፤ አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስቴ ትደግመዋለች። ገንዘቧን ግን ራሷ ትይዛለች፣ ራሷ ታበስላለች። ሆዷ ይደርቃል፤ ሽንት ቤት የምትቀመጠው በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው። የምትወስደው ሜትፎርሚን (ለስኳር፣ 8 ዓመት)፣ ኦሜፕራዞል (ለቃር፣ ከ4 ዓመት በላይ) እና ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም (እግሯን ስለሚያቃጥላት)። ልቧና ኩላሊቷ ደህና ናቸው ተብሏል።

የአንጀት ባክቴሪያ ለማስታወስ ይረዳል እየተባለ የሚሸጠው የፕሮባዮቲክ (ሕያው ባክቴሪያ ያለበት) ክኒን ይጠቅማታል? በምግብ ከሆነስ ከስንት ልጀምር? ባለፈው ወር ባቄላና ሽምብራ ባበዛላት በ3 ቀን ሆዷ ተነፋና አስቆመችኝ። ሰገራ ተልኮ የሚሠራው የማይክሮባዮም (የአንጀት ባክቴሪያዎች) ምርመራስ ዋጋ አለው?

ክኒን ቆጣሪ፦

አዲስ ክኒን ከመጨመርሽ በፊት ያሉትን ሦስቱን እንያቸው። ሦስቱም አንጀትንም አእምሮንም ይነካሉ።

አሚትሪፕቲሊን አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ያግዳል። አንጀት ለመኮማተር፣ አንጎል ደግሞ አዲስ ነገር ለመያዝ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ድርቀቱም መርሳቱም ከአንድ ክኒን የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በሚያወጣው የቢርስ ዝርዝር ውስጥ፣ 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ባይሰጡ ይመረጣል ከተባሉት አንዱ ነው። በራስሽ ግን አታስቁሚ፤ ድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያቅለሸልሻል። ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል። ለእንቅልፍና ለጉንፋን ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይፈንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚንም ከዚሁ ወገን ስለሆኑ ቤት ውስጥ ካሉ እናትሽ እንዳይወስዷቸው።

ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል አብረው ለዓመታት ሲወሰዱ ቫይታሚን ቢ12 ይወርዳል። ኦሜፕራዞል አሲዱን ስለሚቀንስ ቢ12 ከምግቡ ፕሮቲን አይላቀቅም፤ ሜትፎርሚን ደግሞ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል። የቢ12 እጥረት ያስረሳል። እግርም ያቃጥላል! ስኳር ነው ተብሎ አሚትሪፕቲሊን የታዘዘለት ማቃጠል ከፊሉ የቢ12 እጥረት እንደሆነ መጣራት አለበት። የሄሞግሎቢን ውጤት ደህና መሆኑ እጥረት የለም አያሰኝም፤ ነርቭ ከደም ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። ውጤቱ ከ200 እስከ 300 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር መካከል ከዋለ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባለው ምርመራ ይለየዋል። ደሙ የሚቀዳው ቢ12 ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አንዴ ከተጀመረ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያሳስታል። በዚያው ደም የታይሮይድና የካልሲየም ልክም ይታይ፤ የታይሮይድ ማነስና የካልሲየም መብዛት ሁለቱም ሆድ ያደርቃሉ፣ አእምሮ ያፈዛሉ።

ኦሜፕራዞል ራሱ የአንጀቱን ነዋሪዎች ይለውጣል። አሲዱ ሲዳከም በአፍ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በሕይወት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባለው ክፉ ተቅማጥ አምጪም ዕድል ያገኛል። የደማ ቁስል ወይም በየቀኑ የሚወሰድ አስፕሪን ከሌለ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ሲቀነስ ለጥቂት ሳምንት ቃሩ ብሶ ይመለሳል፤ አሲዱ ታፍኖ ስለቆየ ነው እንጂ ሕመሙ አገርሽቶ ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ክኒኑ ይመለሳል።

ምጥን፦

ባቄላው አይደለም የጎዳቸው፣ ጥድፊያው ነው። ፋይበር (አሰር) ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች አፍልተው አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ያወጡበታል። ቡቲሬት የአንጀቱ ግድግዳ ዋና ስንቅ ነው። ጋዝም አብሮ ይወጣል። በደረቀ ሆድ ላይ ጋዙ መውጫ አጥቶ ይነፋል።

መጀመሪያ የተጠራቀመው ይውጣ። በተጋገረ ሰገራ ላይ ፋይበር መጨመር ትራፊክ በተዘጋበት መንገድ ላይ መኪና መጨመር ነው። ማክሮጎል (ሰገራ የሚያለሰልስ) ዱቄት 17 ግራም በአንድ ብርጭቆ (240 ሚሊ ሊትር) ውኃ በቀን አንዴ፣ ለስላሳ እስኪሆን፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል። ማስጠንቀቂያ፦ ድርቀት ቆይቶ ድንገት ቀጭን ፈሳሽ ማምለጥ ከጀመረ ተቅማጥ ነው ብለሽ ማቆሚያ መድኃኒት አትስጪ። በተጋገረው ዙሪያ የሚሾልክ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም ይታይ።

ከዚያ በሳምንት ከ4 እስከ 5 ግራም ፋይበር ብቻ እየጨመርሽ ሂጂ። ግቡ በቀን 25 ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ ይህን ያህል ይላል።

1ኛ ሳምንት፦ ጠዋት 40 ግራም ደረቅ አጃ ተቀቅሎ (4 ግራም ገደማ)።
2ኛ ሳምንት፦ በምሳ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ የበሰለ ምስር (3.5 ግራም ገደማ)።
3ኛ ሳምንት፦ አንድ ፖም ከነልጣጩ (4 ግራም ገደማ)። ማኘክ ካስቸገራቸው ተፈቅፍቆ።
4ኛ ሳምንት፦ ምስሩ 6 ማንኪያ ይሁን።
ከዚያ በኋላ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ (2 ግራም)። ሙሉውን ፍሬ ከሰጠሽ እንደገባ ይወጣል።

ሆዳቸው ከተነፋ ወደ ኋላ አትመለሺ፤ ባለበት አንድ ሳምንት ቆይተሽ ቀጥዪ። ሽምብራና ባቄላ 12 ሰዓት ዘፍዝፈሽ ውኃውን ድፊና በአዲስ ውኃ ቀቅይ፤ ጋዝ የሚያመጡት ስኳሮች ከፊላቸው ከውኃው ጋር ይሄዳሉ። ልብና ኩላሊት ደህና ስለሆኑ ፈሳሽ በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ይሁን። ውኃ ሳይጨመር ፋይበር ብቻውን ያደርቃል። አጃውና ምስሩ ካርቦሃይድሬት ስለሆኑ በነጭ ዳቦ ወይም በሩዝ ምትክ እንጂ በላዩ ላይ አይግቡ፤ የስኳራቸውን ልክ በዚያ ወር ጠበቅ አድርገሽ ለኪ።

እርጎ ያለ ስኳር፣ ሕያው ባክቴሪያ ያለው፣ ከ150 እስከ 200 ግራም። ከፈላ ምግብ ጋር አትቀላቅዪው፤ ሙቀቱ ይገድላቸዋል። በመጨረሻ ደግሞ ክብደት። ፋይበር ስለሚያጠግብ ትንሽ የሚበሉ ሰዎች ፕሮቲኑን ይተዉታል። በዚህ ዕድሜ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። በወር አንዴ መዝኚያቸው።

አንብቦ አዳሪ፦

ክኒኑን በተመለከተ፦ አትግዢ፣ ቢያንስ አሁን። «ፕሮባዮቲክ» ማለት «መድኃኒት» እንደማለት ነው፤ የትኛው? ውጤት የሚለካው በዝርያው ሳይሆን እስከ ንዑስ ዝርያው ኮድ ድረስ ተለይቶ ነው። አብዛኛው ጠርሙስ ላይ ያ ኮድ የለም። መርሳትን የሚያቆም ተብሎ የጸደቀ ፕሮባዮቲክም የለም። ካንሰር መድኃኒት ላይ ላለ ወይም በትልቅ ደም ሥር ቱቦ ለገባለት ሰው ደግሞ ባክቴሪያው ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል አደጋ አለው።

«90 ከመቶው ሴሮቶኒን (ስሜትን የሚነካ መልእክተኛ) አንጀት ውስጥ ይመረታል» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ ግን ያ ሴሮቶኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም። ይህችን ሁለተኛዋን ግማሽ አይጽፏትም።

የአንጀትና የአንጎል ግንኙነት ግን ተረት አይደለም። ማስረጃው ከሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በጉበት ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ሲሆን) ላይ ነው፦ የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት አሞኒያ በጉበት ሳይጣራ አንጎል ይደርስና ሰውየው ቀንና ሌት ይምታታበታል። ሕክምናውም አንጀት ላይ ነው፤ በቀን 2 ወይም 3 ለስላሳ ሰገራ እስኪሆን ላክቱሎስ (ማለስለሻ)፣ ሲያስፈልግም ሪፋክሲሚን (አንቲባዮቲክ)። አእምሮው ይመለሳል።

በጤናማ አረጋውያን ላይ ያለው ማስረጃ ከዚህ ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 36 ጥንድ መንትዮችን ወስዶ፣ ከየጥንዱ አንዱ ለ12 ሳምንት ፕሪባዮቲክ (የባክቴሪያ ምግብ የሆነ ፋይበር) እንዲወስድ አደረገ። የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ተሻሻለ፣ ቢፊዶባክቴሪየም የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያም በዛ። የጥናቱ ዋና ጥያቄ የነበረው የእግር ጉልበት ግን አልተለወጠም። ሰዎቹም የመርሳት በሽታ አልነበረባቸውም። በ2023 የታተመው የማይንድ አመጋገብ (ለአንጎል ይበጃል የሚባል የምግብ ሥርዓት) ጥናት ደግሞ 604 ሰዎችን 3 ዓመት ተከታትሎ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ግልጽ ልዩነት አላገኘም። በ2015 የወጣው የፊንላንዱ ፊንገር ጥናት (1,260 ሰው፣ 2 ዓመት) ልዩነት ያሳየው ምግብን ከእንቅስቃሴ፣ ከአእምሮ ልምምድና ከደም ግፊት ክትትል ጋር አንድ ላይ አድርጎ ነው። ምግብ ብቻውን ተአምር ይሠራል የሚልሽን አትመኚ፤ ቀን ከቀን በእግር መሄድ ከሳህኑ እኩል ይቆጠር።

የሰገራ ማይክሮባዮም ምርመራውን ተዪው። የጤናማ ልክ የሚባል የተስማሙበት ቁጥር ስለሌለ ውጤቱ ምንም ቢል የምትቀይሪው ሕክምና የለም። ያን ገንዘብ ለቢ12 ምርመራ አድርጊው።

ሴት ልጃቸው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጥናቱ ላይ የተባለውን ፋይበር፣ ኢኑሊን ዱቄት ነው መሰለኝ፣ ከአጃው ጋር ላስጀምራት?

ምጥን፦

አብረሽ አይሆንም። ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ከጀመርሽ ሆድ ሲነፋ ጥፋተኛውን አታውቂውም። ምግቡ 5 ሳምንት ሄዶ ከተስማማ በኋላ 2 ግራም በሚዛን መዝነሽ ጀምሪ፤ በየሳምንቱ 1 ወይም 2 ግራም እየጨመርሽ 7 ግራም ላይ አቁሚ። ኢኑሊን ከምስር ይልቅ ቶሎ ስለሚፈላ ቀድሞ ይነፋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በበሉ ቁጥር ሆዳቸው የሚጮህ ከሆነ ኢኑሊንም አይስማማቸውም፤ በውስጣቸው ያለው ያው ነው።

የሌሊት ተረኛ፦

አንድ ወረቀት ላይ በየቀኑ መዝግቢ፦ ቀን፣ ሰገራ ወጣ/አልወጣ፣ ዓይነቱ በብሪስቶል ሰንጠረዥ (1 እንደ ፍየል በጠጥ የተቆራረጠ፣ 4 ለስላሳና የተያያዘ፣ 7 ውኃ)፣ የተለወጠ መድኃኒት። 3 እና 4 ላይ ሲረጋ ማክሮጎሉን ቀንሺ። ቁርስ ከበሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሽንት ቤት ይቀመጡ፤ አንጀት በራሱ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። እግራቸው ሥር በርጩማ አድርጊ፣ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ይበል።

የማስታወስ ፈተናው (ሞካ የሚባለው፣ ከ30 የሚታረም) ለውጥ ከመጀመሩ በፊት በባለሙያ አንዴ ይሠራ፣ ከዚያ ከ3 ወር በፊት አይደገም። በየሳምንቱ ከኢንተርኔት አውርደሽ ብትፈትኛቸው ፈተናውን ይለምዱታል፤ ነጥቡ ሲጨምር የዳኑ ይመስልሻል። መስማታቸውም ይታይ፤ ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል።

በሰዓታት ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከተምታታባቸው፣ ቀን አፍዝዟቸው ሌት ካነቃቸው፣ ይህ መርሳት አይደለም፣ ዴሊሪየም ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም። የተጋገረ ሰገራ፣ የታገደ ሽንት፣ ኢንፌክሽን ወይም አዲስ ክኒን ያመጣዋል። ደም ያለበት ሰገራ፣ የብረት ማነስ ወይም ያለ ምክንያት ክብደት መውረድ ካለ ደግሞ ፋይበሩን ትተሽ ትልቁን አንጀት በመሣሪያ ማሳየት ይቀድማል።

ሴት ልጃቸው፦

የቢ12 ደም ባዶ ሆድ ይጠይቃል?

ክኒን ቆጣሪ፦

ብዙውን ጊዜ አይጠይቅም፤ ላቦራቶሪውን ግን ጠይቂ። ይልቅ ለፀጉርና ለጥፍር የሚባል ባዮቲን እናትሽ የሚወስዱ ከሆነ ለላቦራቶሪው ንገሪ፤ የታይሮይዱንም የቢ12ቱንም ቁጥር ሊያዛባ ስለሚችል ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል። መልቲቫይታሚንም ውስጥ ይገኛል። የሁሉንም ክኒኖች ጠርሙስ በአንድ ከረጢት አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ።